ፖይንት ከመጀመሬ በፊት ቁርጭምጭሚቴን እንዴት ላጠንክር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሌት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ፖይንት (በልዩ ጫማ በጣት ጫፍ ቆሞ መደነስ) ለመጀመር በጣም ጓጉቻለሁ። አስተማሪዬ ግን እግርሽ ገና ነው፣ ሚዛንሽም ይቀረዋል ትለኛለች። በሁለት እግር ሬሌቬ ስወጣ (ተረከዜን ከመሬት ሳነሳ) ምንም ችግር የለብኝም። በአንድ እግር ፓሴ ላይ (የሌላውን እግር ጣት ጉልበቴ አጠገብ አድርጌ) ስቆም ግን ቁርጭምጭሚቴ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደቴም ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ምን ልሥራ? የእግር መለጠጫ መሣሪያስ ልግዛ? ዕድሜዬ 19 ነው፣ ረፍዶብኝ ይሆን?

ሬሌቬ ወዳጅ፦
አልረፈደብሽም እህቴ። ብዙዎች በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው ይጀምራሉ፣ ግን ዕድሜ ብቻውን ምንም አይወስንም፤ የሚወስነው ጥንካሬው ነው። ወደ ትንሿ ጣት የምታዘነብዪው ከቅልጥምሽ በውጭ በኩል ያሉት ጡንቻዎች ስለደከሙ ይመስለኛል። ላስቲክ በእግርሽ ፊት አስሪና የእግርሽን ጣቶች ወደ ፊት ዘርግተሽ ቀስ እያልሽ ወደ ውጭ ግፊ። ከዚያ የቴኒስ ኳስ በሁለቱ ተረከዞችሽ መሃል ይዘሽ ሬሌቬ ሥሪ፤ ኳሱ ከወደቀ ተረከዝሽ ከመስመር ወጥቷል ማለት ነው። ክብደትሽ በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት ላይ ይሁን። በአንድ እግር፣ ጉልበት ሳይታጠፍ፣ እስከ ላይ ድረስ እየወጣሽ ከ20 እስከ 25 ጊዜ መሥራት ብዙ አስተማሪዎች የሚፈልጉት ነገር ነው። ስትወጪ 2፣ ስትወርጂ 4 ቁጠሪ፤ ዋናው ጥንካሬ የሚገነባው ስትወርጂ ነውና ዝም ብለሽ አትውደቂ።

ከዳሌ ጀምሪ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ሁሉም ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ ያተኩርና ዳሌን ይረሳል። በአንድ እግር ቁሚ፣ ሰውነትሽን ወደ ፊት አጎንብሺና ሌላውን እግር ወደ ኋላ ዘርጊ፣ ከዚያ በቆምሽበት እግር 5 ፕሊዬ (ጉልበት አጥፎ ዝቅ ማለት) ሥሪ። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ዳሌሽ ከተጣመመ፣ ቁርጭምጭሚትሽ የሚንቀጠቀጠው የላይኛውን ስህተት ለማረም ሲታገል ሊሆን ይችላል። ሆድሽንም አትርሺ። ለሚዛን ደግሞ መጀመሪያ ባዶ እግርሽን መሬት ላይ በአንድ እግር ቆመሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ያለ መወዛወዝ 30 ሰከንድ ስትቆዪ ትራስ ላይ ሞክሪው። በዴሚ ፖይንት (ተረከዝሽን አንስተሽ) የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የሚደገፉት ነገር አጠገብሽ ይኑር።

አካል ሐኪም፦
እባክሽ መለጠጫውን አትግዢ! እግርሽን በግድ አጥፎ ጅማቱን ያላላል እንጂ አንዲት ጡንቻ አይጨምርልሽም፤ የላላና ያልጠነከረ እግር ደግሞ ለፖይንት ከደረቅ እግር የባሰ አደጋ ነው። መታጠፉ ይበቃ እንደሆነ ለማየት እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ፣ ጣትሽን ወደ ፊት ግፊና እርሳስ ከቅልጥምሽ ወደ እግርሽ ጀርባ አስተኝበት። ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ሳይነሳ ልጥፍ ብሎ ከተኛ በቂ ነው። ጣቶችሽን ሳታጥፊ የእግርሽን ቅስት ወደ ላይ መሳብም ተለማመጂ፣ ምክንያቱም ጫማው ውስጥ ጣት የተዘረጋ መሆን አለበት፤ ፎጣ በጣት መሰብሰብ ግን ጣትን ማጠፍ ነው የሚያስተምረው። ከተረከዝሽ በላይ በኩል፣ ከኋላ፣ የእግርሽን ጣቶች ወደ ፊት ስትዘረጊ የሚቆነጥጥ ሕመም ካለ ቁሚና ፊዚዮቴራፒስት ይይሽ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ይሄን ሁሉ በየቀኑ ነው የምሠራው? ጫማውን ገዝቼ ቤት ውስጥ ለአፍታ ብቻ ብሞክረውስ?

ሬሌቬ ወዳጅ፦
በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ይበቃል፣ ጡንቻም ዕረፍት ይፈልጋል። ሰውነትሽ ከሞቀ በኋላ ሥሪው፣ ግን ከክፍል ደክመሽ ስትመጪ ሚዛኑን ተይው፤ የደከመ እግር መጥፎ ልማድ ነው የሚይዘው። ጫማውን ግን አስተማሪሽ ሳትፈቅድ አትንኪው፤ እሷ ከፈቀደች በኋላም እግርሽን አይቶ የሚለካልሽ ሰው ያስፈልግሻል። መጀመሪያም ቢሆን ባር (የእጅ መደገፊያውን ዘንግ) ይዘሽ፣ በሁለት እግር፣ ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ነው የምትሠሪው። ፓሴሽን አሁን ቪዲዮ ቅጂና ከወር በኋላ ከአዲሱ ጋር አስተያይተሽ ለአስተማሪሽ አሳያት።