እኩል ኤ፣ እኩል ቢ፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ፌቨን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ላይ ግራ ገብቶኛል። 64 ዶቃ ያለው የፖሊመር (ከተደጋገሙ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ረጅም ሞለኪውል) ሰንሰለት በሞንቴ ካርሎ (በዕጣ እያንቀሳቀሰ የሚያሰላ ዘዴ) ኮምፒውተር ላይ ራን እያደረግኩ ነው። ዶቃዎቹ የሚቀመጡበት ፍርግርግ (ላቲስ) ኪዩቢክ ነው፤ ሁለት ዶቃ አንድ ቦታ አይቀመጥም። 32ቱ ኤ ናቸው፤ ግድግዳውን ሲነኩ ኢነርጂያቸው ይቀንሳል። 32ቱ ቢ ግድግዳው ምናቸውም አይደለም። ሦስት አደራደር ሞከርኩ፦ ኤና ቢ እየተፈራረቁ፣ ኤዎቹ በአንድ ወገን ቢዎቹ በሌላ (ብሎክ)፣ ሦስተኛው በዕጣ። ሙቀቱን ስቀንስ ብሎኩ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የሚፈራረቀው ግን በጣም ይዘገያል። የኤዎቹ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ እንዴት? ኮዴ ተሳስቶ ይሆን? ሰኞ ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ።

የላቲስ ልጅ
አይዞሽ እህቴ፣ አቅጣጫው ትክክል ነው። ዶቃ ግድግዳ ላይ ሲተኛ ነፃነቱን ያጣል፤ ኢንትሮፒ ይቀንሳል ማለት ነው። በብሎኩ የሚተኙት ኤዎቹ ናቸው፤ ያጡትን በኢነርጂ ያካክሳሉ። ቢዎቹ ጅራት ሆነው እንደልባቸው ይወዛወዛሉ። በሚፈራረቀው ግን ቢዎቹ ያለ ጥቅም አብረው ይጎተታሉ።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ሦስተኛው ቁጥር ከግድግዳው ያለው ከፍታ ነው፤ 1 ማለት ግድግዳውን የነካ። የመጀመሪያውን ኤ (0,0,1) ላይ አስቀምጪ። ቢውን ወደ ላይ፣ (0,0,2) ላይ። ቀጣዩ ኤ ወደ ግድግዳው ልመለስ ቢል ያለው ቦታ (0,0,1) ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተይዟል። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ኤዎች ከተለጠፉ፣ መሀላቸው ያለው ቢ የግድ አብሮ ይተኛል። የመዘግየቱ አንዱ ክፍል የላቲሱ ሥራ ነው። ከላቲስ ውጪ በሆነ ሞዴል ቢው ትንሽ ቀና ማለት ይችላል። ይሄን ለአማካሪሽ ሳትናገሪ እንዳትወጪ።

ኤኤቢቢ እያልሽም ሞክሪ። ሁለቱ ቢዎች (0,0,2) እና (1,0,2) ላይ ቅስት ይሠራሉ፤ ኤው (1,0,1) ላይ ያርፋል።

በቀለ_ኮድ
ኮዱን ለማጣራት ሁሉንም ዶቃ ኤ አድርጊ። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ የመለጠፊያው ነጥብ፣ የአንድ ንክኪ ኢነርጂ ለኬቲ (የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በሙቀቱ ሲባዛ) ሲካፈል፣ ወደ 0.29 ገደማ መጠጋት አለበት። በ64 ዶቃ ለውጡ ድብዝዝ ይላል፤ 128 እና 256ም ራን አድርጊ። የዕጣውን በአንድ ቅደም ተከተል አትፍረጂ። ብዙ ዕጣ አውጪ፣ እያንዳንዱን ለብቻ አስኪጂ፣ ከዚያ ውጤቱን አማካይ ውሰጂ። ስታቀዘቅዢና መልሰሽ ስታሞቂ የሚወጡት ኩርባዎች ካልገጠሙ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ተቀርቅሯል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ፦ ጫፉን ግድግዳ ላይ አስረሽዋል ወይስ ነፃ ነው?

ፌቨን
የመጀመሪያውን ዶቃ አስሬዋለሁ። በብሎኩ ኤ ነው።

በቀለ_ኮድ
እንግዲያው ብሎኩን አድልተሽለታል። በቢ በኩል አስረሽ ድገሚው። ያኔ ኤዎቹ ግድግዳውን የሚያገኙት ከ32 ቢ በኋላ ነው፤ በአጭር ሰንሰለት ልዩነቱ ይታያል።

ቀማሚዋ
እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አይደለም። ፖሎክሳመር 407 የሚባለውን ባለ ሦስት ብሎክ ፖሊመር ውሰጂ። መሀሉ 56 ገደማ ፕሮፒሊን ኦክሳይድ፣ ግራና ቀኙ 101 ገደማ ኤቲሊን ኦክሳይድ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ የፖሊስታይሪን ቅንጣት ላይ መሀሉ ይለጠፋል፤ ሁለቱ ጅራቶች ወደ ውሃው ይዘረጋሉ። ቅንጣቶቹ እንዳይቋጠሩ የሚከላከሉት እነዚያ ጅራቶች ናቸው። ያንኑ ሞኖመር (የሰንሰለቱን ትንሽ ክፍል) ደባልቀሽ ብትደረድሪው እንዲህ ያለ ረጅም ጅራት አይኖርሽም። ሲሊካ (የአሸዋ ማዕድን) ላይ ደግሞ ኤቲሊን ኦክሳይዱ ራሱ በሃይድሮጅን ቦንድ ይያዛል። ስለዚህ የትኛው ኤ፣ የትኛው ቢ እንደሆነ የሚወስነው ሰንሰለቱ የሚለጠፍበት ግድግዳም ጭምር ነው፤ ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው።

ፌቨን
እግዜር ይስጥልኝ! ሌሊቱን ራን አድርጌው አደርኩ። ኤኤቢቢ በሚፈራረቀውና በብሎኩ መሀል ገባ። ብሎኩ በቢ በኩል ሲታሰር ዘገየ፤ ግን አሁንም ከሚፈራረቀው ይቀድማል። 256ቱ ገና እየሄደ ነው።