ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ የአገሩን ቋንቋ መማር ለምን ግዴታ ይሆናል?

ጥያቄውን ያነሳችው፣ ከሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ አግኝቶ በመስከረም ይሄዳል። ማስተርሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ሃንጋሪኛ መማር ግዴታው ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል። ዋናው ትምህርት ሳይጀመር አንድ ዓመት ቱርክኛ ብቻ ያስተምራል። እኔ ግዴታው ልክ ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ "ሁለት ዓመት ቆይቼ ለምመለስበት አገር ለምን ልድከም?" ይላል። ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቡዳፔስት ተምሮ የተመለሰ፦
እኅቴ፣ እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። ሃንጋሪኛ በትርፍ ሰዓት የሚያዝ ቋንቋ አይደለም። የስም መጨረሻ ወደ 18 ዓይነት ይለዋወጣል። እኛ "በ"ን ከፊት እናስቀድማለን፣ እነሱ ከኋላ ይቀጥላሉ። ከተማዋን ራሷን "ቡዳፔሽት" ነው የሚሏት። በቡዳፔስት ለማለት "ቡዳፔሽተን" ይላሉ። ሌላዋ ከተማ ደብረጼን ላይ ስትደርሺ ግን "ደብረጼንበን" ይሆናል። ለምን ተለየ ብትዪ፣ መልሱ "እንዲህ ነው የሚባለው" ነው።

እኔን የጎዳኝ ግን እንግሊዝኛው ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተማርን እንላለን እንጂ እኔ በተማርኩበት ክፍል መምህሩ የሚያስረዳን በአማርኛ ነበር፣ ፈተናው ብቻ በእንግሊዝኛ። እዚያ ስደርስ ፕሮፌሰሩ ይጠይቀኛል፣ መልሱን አውቀዋለሁ፣ አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ሁለት የባዕድ ቋንቋ ባንድ ትከሻ መሸከም ከበደኝ። ለሃንጋሪኛ ያዋልኩትን ሰዓት ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባውለው ኖሮ የመመረቂያ ሥራዬ ይሻል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንካራ የተማረች፦
ያልከው እውነት ነው ወንድሜ፣ እኔም አይቼዋለሁ። ግን የቋንቋውን ዓመት ባልማር ኖሮ ቱርክን በመስኮት አይቼ እመለስ ነበር።

ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ያ ብቻውን ለእኛ ግማሽ መንገድ ነው። ምግብ ቤት ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬው "ሄሳፕ" ብሎ ሲጠራ ደነገጥኩ። ሒሳብ እያለ ነው! ሰዓት "ሳአት" ነው። ቱርክኛ ከዐረብኛ ወስዶት እኛም የምናውቀው ስንት ቃል አለ መሰላችሁ።

እሱም ቢሆን ያሳስታል። አንድ ቢሮ በ"ሳአት ዶኩዝ" ነዪ አሉኝ፣ በዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ቃሉ ስለቀለለኝ ደስ ብሎኝ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሄድኩ። ቀጠሮዬ ለካ ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት ነበር። በር ላይ የነበሩት ጥበቃ እያለቀስኩ ሲያዩኝ ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ ሰጡኝ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። ያወራነው በዚያችው በሁለት ወር ቱርክኛዬ ነው።

ቻይና ሕክምና የሚማር፦
አጭር ነገር ልጨምር። የእኛም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ግን "ሆዴን እዚህ ጋ ያመኛል" የሚለኝ በቻይንኛ ነው። ለሐኪም ይህ ለክርክር አይቀርብም።

የተማሪ እናት፦
ልጆቼ፣ ቋንቋ መጨመሩ ጥሩ ነው። ልጄ ግን ስልክ ላይ "እሺ" ማለቱን ትቶ "ኦኬ፣ ኦኬ" ሲለኝ ሆዴ ይባባል። የእናቱን ቋንቋ የሚያስቀንስበት ከሆነ ይቅርበት።

አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ፦
እማማ፣ አይስጉ። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የምትሸጠውን ሴት እዩልኝ። ላንዱ በሲዳሙ አፎ፣ ላንዱ በወላይትኛ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣው በአማርኛ ዋጋ ትነግራለች፣ እጇ ቆሮሶውን ሲከትፍ ሳያቆም። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አልቀነሰባትም። ግን ልብ በሉ፣ ማንም አላስገደዳትም። ቋንቋ በፍላጎት ሲሆን ነው የሚገባው። ስለዚህ እኔም ግዴታውን እቃወማለሁ።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ምሳሌህን ወደድኩት፣ መደምደሚያህን ግን አልቀበልም። ሴትየዋን ያስተማራት ጎረቤት ነው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዕቁብ፣ ሁሉም አስተምሯታል። ወንድሜ የሚያርፈው የውጭ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ ነው። ፓኪስታናዊው፣ ናይጄሪያዊው፣ እሱ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ክፍል እንግሊዝኛ፣ ዶርም እንግሊዝኛ፣ ማታ ከእኛ ጋር በስልክ አማርኛ። ታዲያ ፍላጎቱ ከየት ይመጣል? ዳቦ የምትሸጥለትን ሴት እንኳ ሁለት ዓመት ሙሉ በጣት እያመለከተ ነው የሚያዛት። እኔ ግዴታውን የምደግፈው ለዚህ ነው። ጎረቤት በሌለበት ቦታ የመጀመሪያውን በር የሚከፍትለት ያ ክፍል ብቻ ነው።

ቡዳፔስት የነበርከው ወንድሜ ግን ስለ እንግሊዝኛው ያልከው ዐይኔን ገልጦልኛል። ሁለቱ ባንድ ሴሚስተር መደራረባቸው ልክ አይደለም። ቢቻል ክረምቱን እዚሁ እንግሊዝኛውን ጨርሶ ቢሄድ ይሻላል። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ገጽ እየጻፈ ለእኔ ያነብልኛል፣ ተነጋግረናል።

ወንድሟ፦
ከጎኗ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። አሁንም ግዴታ የሚለው ቃል አይዋጥልኝም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቡዳፔስት ለነበረው ወንድሜ። እኔ የምሄደው ሴጌድ ከተማ ነው። በሴጌድ ሲባል እንደ ቡዳፔስት ነው ወይስ እንደ ደብረጼን?

ቡዳፔስት ተምሮ የተመለሰ፦
እንደ ቡዳፔስት። "ሴጌደን"።