ጥቆማ፦ በአዲስ አበባ ለ400 ሰው የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ፤ የቱ መስመር፣ የቱ ካናቴራ፣ የቱ ድንኳን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለኩላሊት እጥበት ሕክምና ገቢ የሚያሰባስብ የእግር ጉዞ በጥቅምት ወይም በኅዳር አንድ እሑድ ጠዋት ልናዘጋጅ ነው። ተሳታፊው 400 ገደማ ይሆናል። ከእነሱ ውስጥ 15 በዊልቸር የሚመጡ፣ 10 ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸው አንድ ቡድን፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና እጥበት ላይ ያሉ ታካሚዎች አሉ። በመስመር፣ በካናቴራ፣ በውኃና ምግብ፣ በድንኳንና ሳውንድ፣ በገንዘብ አሰባሰብ የቱ ከየቱ ይሻላል? እባካችሁ «ሁሉም አሪፍ ነው» አትበሉን።

የመስመር ሰው፦
መስመሩ ሳይለይ ምንም ነገር አትዘዙ። የካናቴራውም የውኃውም የድንኳኑም ቁጥር ከእሱ ነው የሚወጣው።

እንጦጦ፦ ይቅር። ፓርኩ ያምራል፣ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ዳገቱም አለ። የኩላሊት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ደም ማነስ አለበት፤ አየሩ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚደክመው ጉዞው የተዘጋጀለት ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ፦ «ቁልቁለት ስለሆነ ይቀላል» የሚሉ አሉ። ለእግረኛ እውነት ነው። በዊልቸር ላለ ሰው ግን በቤተ መንግሥቱ በኩል ያለው ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፣ ጎማውን በእጁ ይዞ ሲወርድ መዳፉ ይላጣል። ጥበቃውም አለ፤ በዚያ በኩል 400 ሰው ማሳለፍ ቀላል ፈቃድ አይደለም።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶች (ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ያለው ለምሳሌ)፦ ሰፊና ለስላሳ ናቸው፣ አስፋልት ማዘጋትም አይጠይቁም። እስከ 150 ሰው ከሆናችሁ እነሱን እመርጣለሁ። 400 ሰው ግን ይጨናነቃል፣ ሌላውንም እግረኛ ወደ አስፋልት ይገፋል። መኪና እንዳይወጣ የተተከሉትን አጫጭር ምሰሶዎች ክፍተት በሜትር ለኩ። ከ90 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ዊልቸር አያልፍም ብላችሁ ያዙ።

ወዳጅነት ፓርክን የመሰለ የታጠረ ቦታ፦ ንጣፉ ጥሩ ነው፣ መኪና የለም፣ ሕፃናት አይጠፉም። ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ መዞር ብቻ መሆኑ ነው፤ ከመንገድ ላይ ሰው አያያችሁም፣ የስፖንሰር ዓርማም አይታይም። የመግቢያ ክፍያውንና ስንት ሰው በአንዴ እንደሚያስገቡ በደብዳቤ ጠይቁ።

የእኔ ምርጫ ከመስቀል አደባባይ በቦሌ መንገድ ደርሶ መልስ ነው። እስከ ኤርፖርት ድረስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ ተመለሱ፣ በድምሩ 3 ይሆናል። ከዙር ይልቅ ደርሶ መልስ ያልኩበት ምክንያት አለ። ጤነኛ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲራመድ በ45 ደቂቃ ይጨርሳል። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር የሚሄደው 90 ደቂቃ ይፈጃል። በዙር መስመር ላይ የኋላው ሰው ብቻውን ይቀራል፣ ሲደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነው። በደርሶ መልስ ግን 500 ሜትር፣ 1 ኪሎ ሜትርና 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ ሦስት መመለሻ ታቆማላችሁ፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር የሄደው ሁሉ በአንድ በር ይገባል። ሦስቱንም ኪሎ ሜትር የሚሄዱትን ዝግተኞች ከሌላው 20 ደቂቃ አስቀድማችሁ አስነሱ። ንግግር የሚባለው ነገር የመጨረሻው ሰው ሳይገባ አይጀመር።

መስመሩን በመኪና አትገምግሙ። እውነተኛ ዊልቸር ላይ ሰው አስቀምጣችሁ፣ በዚያው ሰዓት፣ በእሑድ ግፉ። የፍሳሽ መውረጃ ፍርግርግ ከመሄጃው ጋር ትይዩ ከሆነ የፊተኛው ትንሽ ጎማ ይገባና ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ከ5 በመቶ በላይ ዳገት ባለበት ሁሉ ገፊ መድቡ። 8 በመቶ ካለፈ መስመሩን ቀይሩ። የስልክ ማዘንበያ መለኪያ ይበቃል። በየ300 ሜትሩ አራት አራት ወንበር አስቀምጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ መደገፊያ እጅ ያላቸው ይሁኑ፤ አረጋዊ ያለ እሱ መነሳት ይቸግረዋል።

ስለ ቀኑም ላንሳ። ጥቅምት 17 የእስጢፋኖስ በዓል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ አደባባዩ አፍንጫ ሥር ነው፣ እሑድ ላይ ከዋለ አትሞክሩት። ኅዳር 12 ከሚካኤል ንግሥ ሌላ «ኅዳር ሲታጠን» ስለሆነ ከተማው በጭስ ይታፈናል፣ አስም ያለበት ሰው ከቤት ባይወጣ ይመረጣል። በኅዳር የታላቁን ሩጫ እሑድ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ አደባባዩን አታገኙትም። መነሻ ሰዓት ከ3:00 በፊት ባይሆን ጥሩ ነው፤ ከቅዳሴ የሚወጣውም ይደርሳል፣ የጠዋቱም ብርድ ይሰበራል።

አዋጅ ቁጥር 3/1983 ለሰላማዊ ሰልፍ የሚጠይቀው የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማሳወቂያ ነው። በዚያ ብቻ ተማምኖ የሄደ አዘጋጅ ትራፊክ ፖሊስ አያገኝም። ደብዳቤውን ከወር በፊት አስገቡ፤ መንገዱ የሚዘጋበትን ሰዓት ስትጽፉ የ90 ደቂቃውን ሰው አስቡ እንጂ የ45ቱን አትጻፉ።

ነርስ፦
ጉዞው ለኩላሊት ከሆነ ሙዝ አታከፋፍሉ። ሁሉም አዘጋጅ አትክልት ተራ ሄዶ ሙዝ ነው የሚጭነው፣ ርካሽና ጾም ስለሆነ። ሙዝ ፖታሲየም ይበዛበታል፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ኩላሊቱ ፖታሲየምን እንደሚገባ አያስወግድለትም፣ ሲከማች ልብ ሊያቆም ይችላል። ብርቱካንም ያው ነው። ኦአርኤስም (ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት) ፖታሲየም አለበት፣ «ደከመው» ተብሎ ለታካሚ እንዳይበጠበጥ። ዳቦ ቆሎ (ጨው ሳይበዛበት)፣ ነጭ ዳቦና ፖም ለሁሉም ይሆናል፣ ዳቦው ወተትና ቅቤ ከሌለው ለጿሚም ጭምር። ስኳሩ ድንገት ለሚወርድበት የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ከረሜላ በየበጎ ፈቃደኛው ኪስ ይኑር።

ውኃም ቢሆን ለእጥበት ታካሚ በሐኪም የተለካ ነው። «ጠጡ፣ ጠጡ» የሚል በጎ ፈቃደኛ እነሱ ላይ ጉዳት ያደርሳል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚታጠብ ሰው እሑድ ረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ከ500 ሜትር መመለሻው እንዳያልፍ፣ ያንንም ሐኪሙን ጠይቆ። የደም ግፊት የሚለካ ካለ ፊስቱላ (ለእጥበት የተዘጋጀ የደም ሥር) የተሠራበትን ክንድ አይንካ። ታካሚዎቹ ለብቻ የሚታወቁበት ምልክት አታድርጉባቸው፣ ሰው ሕመሙን ለከተማው ማሳየት አይወድም። ስማቸውን ለሕክምና ቡድኑ ብቻ ስጡ።

አምቡላንስ፦ ቀይ መስቀል (907) እና እንደ ጠብታ ያሉ የግል ድርጅቶች አሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ 907 አደጋ ሲደርስ የሚጠራ ነው፣ ያን ሰዓት ሌላ ጥሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ከፈለጋችሁ ከየትኛውም ጋር ቢሆን ቀድማችሁ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ኦክስጅንና ባለሙያ ይኖረዋል ወይስ ሹፌር ብቻ የሚለውም ውሉ ውስጥ ይግባ። መኪናው መመለሻው ጋ ይቁም፣ መድረኩ ጋ አይደለም።

ማተሚያ ቤት፦
ካናቴራ ላይ ሦስት ዓይነት ኅትመት ይቀርብላችኋል።

ስክሪን (ቀለሙ በፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት የሚታተም)፦ ለ400 ፍሬና ለአንድ ወይም ለሁለት ቀለም ከዚህ የሚሻል የለም። ዋጋው የሚጨምረው በቀለም ብዛት ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ፍሬም ይሠራልና። የስፖንሰሮቹን ዓርማ በአንድ ቀለም እንዲያደርጉ አግባቡ።
ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት የሚለጠፍ)፦ ብዙ ቀለም ላለው፣ ቁጥሩ ለሚያንስ፣ ለምሳሌ 40 ለሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች። ትልቅ ሥዕል ከሆነ ደረት ላይ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ያልባል።
ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ወደ ጨርቁ የሚገባ)፦ ነጭ ፖሊስተር ላይ ብቻ። «ጥጥ ላይም እንሠራለን» የሚላችሁ ካለ ሌላ ቤት ሂዱ፣ በሁለተኛው እጥበት ይጠፋል።

ጨርቁ በካሬ ሜትር 180 ግራም የሚመዝን ጥጥ ይሁን። ከ150 በታች ነጭ ከሆነ ገላ ያሳያል፣ ሴቶቹ አይለብሱትም። ከሙሉው ትእዛዝ በፊት አንድ ናሙና ይታተም፤ በሙቅ ውኃና ሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ ኅትመቱን ወጥሩት። ከተሰነጠቀ ቀለሙ በበቂ ሙቀት አልበሰለም ማለት ነው። ለአዋቂ 400 ፍሬ ስሞል 50፣ ሚዲየም 120፣ ላርጅ 130፣ ኤክስኤል 70፣ ደብል ኤክስኤል 30 ያስኬዳል። የሕፃናት በምዝገባው ቁጥር ለብቻ።

ብዙ አዘጋጅ የሚስተው፦ ዓርማውን ጀርባ ላይ ያትማል። በዊልቸር ያለ ሰው ጀርባው ወንበሩ ውስጥ ነው፣ ባዶ ካናቴራ የለበሰ ይመስላል። ዋናውን ጽሑፍ ደረት ላይ አድርጉ። እጀ ሙሉ ለሚፈልጉ 50 ያህሉን እጀ ረጅም እዘዙ። አልቢኒዝም ላለባቸውም ይጠቅማል፤ ለእነሱ ክንፈ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጨምሩ። ጊዜ፦ ከናሙናው በኋላ ሁለት ሳምንት ስጡን። በሦስት ቀን የሚያደርስ ካለ ሳያደርቀው ነው የሚያጥፈው።

ድንኳንና ሳውንድ፦
ድንኳንና ወንበር ከኪራይ ቤት በፊት የሰፈራችሁን እድር ጠይቁ። ለበጎ አድራጎት ሲሆን በትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴም በነፃ ይሰጣሉ። የእድር ድንኳን ግን ካስማው መሬት ይፈልጋል፤ አስፋልት ላይ በካስማ ፈንታ አሸዋ የተሞላ ጆንያ በየእግሩ እሰሩ። በነፋስ ቀን ይህ ካልተደረገ ድንኳኑ ይነሳል። ኪራይ ቤት የሚያቀርበው የብረት ድንኳን ለአስፋልት ይሻላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ መነሻው ላይ አንድ እሱን፣ ለማረፊያው የእድሩን ብታደርጉ ይበቃችኋል።

ትልቅ ሞንታርቦ ለ400 ሰው አያስፈልግም። ሁለት መካከለኛ ስፒከር፣ አንድ ጀነሬተር (ከድንኳኑ 20 ሜትር ራቅ ብሎ) እና በመስመሩ ላይ ሦስት ሜጋፎን። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ከሳውንዱ በተቃራኒ ጫፍ ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጁ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሁለት ይሁኑ፣ አንዱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ ጥራቱን ጠብቆ አይዘልቅም። ከፍ ያለ ነገር ላይ ይቁም፣ ፀሐይ ከኋላው አይሁን፣ እጁ አይታይም። አስተርጓሚ ለማግኘት ቀጥተኛው መንገድ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ነው። ለዓይነ ስውራኑ አንድ ለአንድ መሪ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ገመድ በሁለት ጫፉ የእጅ ማስገቢያ ያለው። መሪው አይጎትት፣ «ጠርዝ አለ፣ ወደ ታች» ብሎ ይናገር።

ሒሳብ ያዥ፦
ቴሌብር፦ አብዛኛው ሰው አለው፣ ስማርት ስልክ ለሌለው *127# ይሠራል። ሲቢኢ ብርም በ*847# እንዲሁ። ለካርድ ከፋይ እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ ሊንክ ይጨመር። ሦስቱም በድርጅቱ ስም ይሁኑ፤ በግለሰብ ስልክ ቁጥር መሰብሰብ በኋላ ሒሳብ ሲጠየቅ ጣጣ ነው። ጥሬ ብር የሚቀበል ሰው ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይያዝ። ውጭ ያሉ ወገኖች በጎፈንድሚ እናሰባስብ ካሉ፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ባሉበት አገር ባንክ ያለው ሰው ወይም ማኅበር ስለሆነ ማን እንደሚረከብና መቼ እንደሚልክ ቀድሞ በጽሑፍ ይፈረም። ምዝገባው በቴሌግራም ብቻ ከሆነ አረጋውያኑን አታገኟቸውም፤ አንድ የስልክ መስመርና በየእድሩ አንድ የወረቀት መዝገብ ይኑር። ደጋፊ ይዞ የሚመጣ አካል ጉዳተኛ የደጋፊውን አይክፈል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። ውኃ በሃይላንድ ወይስ በጃር? መጸዳጃ ቤትስ?

የመስመር ሰው፦
ውኃ ሁለቱንም። መመለሻዎቹ ላይ የ20 ሊትር ጃር ከፓምፕና ከወረቀት ኩባያ ጋር፣ በጠቅላላ 8 ይበቃል። መድረሻው ላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። በጎ ፈቃደኞች ክዳኑን ከፍተው ይስጡ፣ እጁ የደከመ ሰው አይችለውም። ሙሉውን በሃይላንድ ካደረጋችሁት የምትለቅሙት ፕላስቲክ ብዙ ነው።

ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ለ100 ሰው አንድ፣ ማለትም አራት፤ በተጨማሪ አንድ ለዊልቸር። ስትከራዩ «ለአካል ጉዳተኛ ይሆናል» በሚለው ቃል አትርኩ፦ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይከፈት እንደሆነ፣ መግቢያው መወጣጫ አለው ወይስ ደረጃ፣ ውስጡ ዊልቸር ይዞራል ወይ፣ ሄዳችሁ እዩ። ካልተገኘ በአካባቢው ያለ ደረጃ የሚገባበት መጸዳጃ ካለው ሆቴል ጋር ተዋዋሉና በካርታው ላይ አመልክቱ። የመጸዳጃ ሳጥኖቹ ቅዳሜ ማታ ከመኪና ይራገፉ፤ እሑድ ጠዋት መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የጭነት መኪናው አይገባም።