ራዳር ያዘህ ተብዬ ተከሰስኩ፤ ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር? (ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት መስመር)

ባለዶልፊኑ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በዶልፊን ሰው እጭናለሁ። መኪናው የራሴ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስወርድ ከጣርማ በር በታች ካሉት ከተሞች በአንዷ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ። ጉዳዩ ስላላለቀ የከተማዋን ስም አላነሳም።

40 በሚልበት 63 ነድተሃል ነው ክሱ። እኔ ቁልቁለቱን የወረድኩት በሦስተኛ ማርሽ ነው፤ ሰው ጭኜ በዚያ መንገድ ሌላ ማርሽ አላስብም። ከተማው መግቢያ ላይ ስደርስ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ከኋላ መጥቶ ደርቦኝ አለፈ። ትራፊኩ መሣሪያውን ያነጣጠረው ሁለታችን ጎን ለጎን በሆንንበት ሰዓት ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ላንድክሩዘሩ ሄደ፣ እኔ ቁም ተባልኩ።

«ቁጥሩን አሳየኝ» አልኩት፤ አሳየኝ፣ 63 ይላል። ግን ፎቶ የለውም፣ ታርጋ የለውም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው። «የኔ ይሁን የላንድክሩዘሩ በምን ይታወቃል?» ስለው «እኔ ያየሁት አንተን ነው» ብሎ ጻፈና መንጃ ፈቃዴን ይዞ ወረቀቱን ሰጠኝ። በዚያ ላይ 40 የሚለውን ምልክት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል፤ ከሾፌር ወንበር ላይ ሆነህ የሚታይህ የቀዩ ክብ ጠርዝ ብቻ ነው።

መናኸሪያ ያሉት ጓደኞቼ በሙሉ «ክፈልና ሥራህን ሥራ፤ ስትመላለስ የምታጣው ገቢ ከቅጣቱ ይበልጣል» ይሉኛል። ሒሳቡን ሳየው እውነታቸውን ነው። ግን ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ መክፈል አልዋጥልህ አለኝ። ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

የሽንኩርት ጫኝ፦

እኔ በአይሱዙ ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ሽንኩርት አመላልሳለሁ። ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ከፍያለሁ። በቴሌብር ወዲያው አለቀ። ሽንኩርት ሸራ ሥር ከዋለ ይግላል፣ ከታች ያለው ጆንያ ላብ ማውጣት ይጀምራል፤ ነጋዴው ደግሞ አትክልት ገበያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የት ቆሜ ልከራከር? የማይበላሽ ጭነት ላለው ሰው ግን አትከራከር አልልም።

የኤንትሬ ሾፌር፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታልና ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ። እኔ በደሴ መስመር ከኤንትሬ የጭነት መኪና ዘመን ጀምሮ ነድቻለሁ። አሁን መሪውን ለልጄ ለቅቄ ደብረ ብርሃን ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ስለ መክፈል። ጓደኞችህ የሚያሰሉት ብሩን ብቻ ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ ወዲህ ጥፋት በገንዘብ ብቻ አያልቅም፤ በስምህ ይመዘገባል፣ ይቆጠራል፣ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ደንቡ ከዚያ በኋላ ተሻሽሏል፣ ቅጣቱም ከፍ ብሏል፤ ይህ ነገር ግን አልቀረም። ዛሬ ለመገላገል የከፈልከው ነገ ሌላ ክስ ሲመጣ ከጎኑ ይደመራል። በሰው መኪና የሚሠራ ሾፌር ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ከታገደ ባለቤቱ በማግስቱ ሌላ ሾፌር ያስቀምጣል። ይህን ደምረህ አስላው።

ትከራከራለህ ካልክ ግን ንዴትህን ይዘህ አትሂድ። በሦስተኛ ማርሽ መውረድህን እኔ አምንሃለሁ፤ ያንን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ዋሻ አፍ ተነስተህ 1,300 ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ ፍሬንህን ሳታቃጥል የምትወርደው ሞተሩ ሲይዝልህ ነው። ዳኛ ግን ማርሽህን አላየም። «ቀስ ብዬ ነበር» የተከሰሰ ሁሉ የሚለው ነው። አንተ የያዝከው ከዚህ የተሻለ ነው፤ ቁጥሩ የየትኛው መኪና እንደሆነ አልተለየም፣ ምልክቱም አይታይም። በእነዚህ ላይ ቁም።

ስለዚህ ነገ ሳይሆን ዛሬ ወደዚያ ቦታ ተመለስ። ረዳትህ ይንዳ አላልኩም፣ እንደ ተሳፋሪ በሌላ መኪና ሂድ። ከሾፌር ጎን ተቀመጥና ምልክቱን በስልክህ ፎቶ አንሳ፦ ከሩቅ አንድ፣ ቀረብ ብለህ አንድ፣ ከሥሩ አንድ። ወርደህ ቆመህ ያነሳኸው ብቻ አይበቃም፤ ሾፌሩ ከተቀመጠበት ከፍታ ምን እንደሚታይ ነው ጉዳዩ። የሚታወቅ ነገር፣ ሱቅም ይሁን የስልክ እንጨት፣ በፎቶው ውስጥ ይግባ። ቅርንጫፉን ሰው ከቆረጠው በኋላ ብትናገር የሚሰማህ የለም። መኪናው የፍጥነት መገደቢያ ከነጂፒኤሱ ተገጥሞለት ከሆነም ባለቤቱን ለምነህ የዚያን ቀን፣ የዚያን ሰዓት መዝገብ አስወጣ።

የወረቀት ነገር እንዴት እንደሚጠቅም ከራሴ ልንገርህ። አንድ ዓመት ቦሎ ላሳድስ ስሄድ በታርጋዬ ክስ ተመዝግቦ አገኘሁ። አንድ ከተማ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፍጥነት ሳልፍ ቁም ተብዬ እንቢ ብዬ አመለጥኩ ይላል። በዚያ ሰዓት ከዚያ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ የጭነት መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ነበርኩ። የሚዛን ወረቀት የመጣል ልማድ የለኝም፤ ከጭነት ሰነዱ ጋር በአንድ ላስቲክ እይዘዋለሁ። አውጥቼ አቀረብኩ። ዳኛዋ አዩትና «ይሄ እኮ 9:40 ነው የሚለው፣ ክሱ 3:30 ነው» አሉኝ። የሚዛኑ ማሽን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያትመው። 9:40 ማለት በእኛ 3 ሰዓት ከ40 እንደሆነ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ጭነት የያዘ መኪና 40 ኪሎ ሜትር እንደማይሄድ አስረዳሁ። ወረቀቱን ከመብራቱ ፊት ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክሱ ተሰረዘ። ታርጋውን የጻፈው ሰው ከሌላ መኪና ጋር አንድ ቁጥር አሳስቶ ኖሯል። ያቺ ስስ ወረቀት ባትኖር እኔ አላመለጥኩም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል?

አንድ ነገር አደራ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን አታሳልፍ። ክርክሩን ሳትጀምር ቀኑ ካለፈ ቅጣት በቅጣት ላይ ይመጣል፤ ያኔ እውነትህም አያድንህም።

ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፦

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ መሣሪያው ትንሽ ልጨምር። ራዳር ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፣ ፍጥነቱ የሚሰላው ከለውጡ ነው። ሞገዱ እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ ይሄዳል፤ ራቅ ካለ ቦታ ሁለቱንም ረድፍ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሲመጣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ከስክሪኑ ብቻ መለየት አይቻልም። ጥያቄህ ትክክል ነው። መሣሪያው የሌዘር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ የሌዘር ጨረር በጣም ቀጭን ነው፣ 300 ሜትር ላይ እንኳ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ያነጣጠረበትን አንድ መኪና ነው የሚለካው። ስለዚህ የመሣሪያውን ዓይነት አስቀድመህ ጠይቅ።

«ከመንገዱ ዳር በሰያፍ ስለቆመ ቁጥሩን አበዛብኝ» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ይህን ይዘህ እንዳትቀርብ። ሰያፍ ሲሆን ቁጥሩ ከእውነተኛው ፍጥነት ያንሳል እንጂ አይበልጥም።

ሌላው ጎማ ነው። የመኪና ፍጥነት መቁጠሪያ ሲሠራ ትንሽ አብዝቶ እንዲያሳይ ነው የሚደረገው፤ ሆኖም ከፋብሪካው መጠን የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ ይገለበጣል፣ አንተ 50 ስታይ መኪናው ከዚያ በላይ ይሄዳል። ብዙ ዶልፊን ከፍ እንዲል ተብሎ ጎማው ተቀይሯል። ያንተን ሳታረጋግጥ ቆጣሪዬ ይህን ይል ነበር አትበል።

መምህርት ከደብረ ሲና፦

እኔ ሾፌር አይደለሁም፣ ግን ይህ ጉዳይ የኔም ነው። ትምህርት ቤታችን ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የጠዋቱና የከሰዓቱ ፈረቃ በሚለዋወጡበት ሰዓት ሕፃናቱ በሁለት አቅጣጫ ይሻገራሉ። ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ደግሞ መኪና ቀዝቀዝ ሲል ገና ሳይቆም ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። በ40 የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ በ63 የሚመጣው 17 ሜትር ተኩል። ሾፌሩ ልጅቷን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያለችው ያቺ ሰከንድ ናት። ይህንን ክፍል ውስጥ በጠመኔ ሠርተን አስልተነዋል፤ ተማሪዎቼ ከግቢው በር እስከ ባንዲራው እንጨት ለክተው 17 ሜትር ሆኖ ሲያዩት ጸጥ አሉ።

ስለዚህ ራዳር ይቅር የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ወንድሜ፣ አንተ ግን ተከራከር፤ ምክንያቱም የሚያሳስበኝ ያ ላንድክሩዘር ነው። 63 የነዳው እሱ ከሆነ ምንም ሳይባል ሄዷል፣ ነገም በዚያው ፍጥነት በተማሪዎቼ መሃል ያልፋል። ክሱ ባንተ ስም ተጽፎ ተዘጋ ማለት እሱን የሚጠይቀው የለም ማለት ነው። የምልክቱንም ነገር በጽሑፍ አድርገህ ለከተማው ስጥ። እኛ ጋ ለማቋረጫው ቀለም እንዲቀባ የጠየቅነው በቃል ሲሆን ማንም አልመዘገበውም፤ ደብዳቤ ስናስገባ ግን የመዝገብ ቁጥር ተሰጠን፣ ወላጆች በዚያ ቁጥር እየሄዱ ጠየቁ፣ ተቀባ።

ባለዶልፊኑ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉኝ በሰው መኪና ሄጄ ፎቶውን አነሳሁ። ቅርንጫፉ አሁንም እንዳለ ነው፤ ከጎኑ ያለችው የጎማ ቤት በፎቶው ላይ ታየች። ጎማዬንም አየሁት፣ የፋብሪካው መጠን ነው። ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባሁ። ኃላፊው በደንብ አስተናገደኝ፤ መሣሪያው ራዳር መሆኑን ነገረኝ፣ «ክሱን የማነሳው እኔ አይደለሁም፣ ካላመንክ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» አለኝ። ልቀርብ ወስኛለሁ። መምህርት፣ ስለ ምልክቱ ለከተማው የጻፍኩትም የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ረዳቴ ላንድክሩዘሩን አይቶታል፣ ምስክር እሆናለሁ ይላል። ይቀበሉታል? ወይስ ያንተው ሰው ነው ይሉኛል?

የኤንትሬ ሾፌር፦

ይቀበሉታል፣ ግን ብቻውን አታቅርበው። ገቢው ካንተ ጋር ስለሆነ ቃሉን ያቀሉብሃል። ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ተሳፋሪ ፈልግ። የዚያን ቀን ማን እንደተሳፈረ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ያውቅ ይሆናል፤ ቅዳሜ ገበያ የሚመላለስ ሰው በሚቀጥለውም ቅዳሜ አይጠፋም። ረዳትህ ሁለተኛ ይሁን።

ምስክር ማቅረብ ደግሞ የሚለመኑት ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት፣ የመጡበትን ምስክሮች የመጠየቅ፣ የራሱንም ምስክር የማሰማት መብት አለው ይላል። ስለዚህ ትራፊኩ ሲቀርብ በአክብሮት እነዚህን ጠይቀው፦ መሣሪያውን ስታነጣጥር ስንት መኪና ነበር? ከየት ርቀት ላይ ለካህ? ሌላው መኪና የት ሄደ? ሦስቱን በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ እዚያ ስትቆም አፍ ይደርቃል። የዚያን ቀን ጠዋት መኪናውን ለሌላ ሾፌር አስይዝና ለባለቤቱ ከወዲሁ ንገረው። ውሳኔውን እዚሁ ጻፍልን።