ለሌሊት ፎቶ ትልቅ ካሜራ ወይስ ትንሽ?

አወያይ፦ ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዙ የቡድናችን አባላት፣ ምእመናን ጧፍ ይዘው የሚያድሩበትን ሌሊት ለማንሳት ከባዱን ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባይ ክፍሉ፣ ትልቅ የሆነውን) መሸከም ይገባል ወይስ ትንሹ ይበቃል በሚለው ላይ አልተስማሙም። የ«ቤዛ ኩሉ» ዝማሬ የሚቀርበው በማለዳ ስለሆነ ለእርሱ የትኛውም ካሜራ ይበቃል፤ ክርክራችን ስለ ሌሊቱ ብቻ ይሁን።

ባለ ስቱዲዮው፦ እኔ ትልቁ ይያዝ ባይ ነኝ። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በብዙ ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ማይክሮ ፎር ሰርድስ የተባለው ሴንሰር ግን 17.3 በ13 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንስ ቀዳዳ) ቁጥርና የሹተሩ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ) ፍጥነት እኩል እስከሆኑ ድረስ ትልቁ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። በጨለማ ኖይዝ (ፎቶውን የሚያዥጎረጉር ነጠብጣብ) የሚበዛው ደግሞ በዋናነት የገባው ብርሃን ራሱ ስለሚያንስ ነው። ጧፍ የያዘች እናት ፊት በትንሹም ካሜራ ደምቆ ይወጣ ይሆናል፤ ከነጠላዋ እጥፋት ሥር ያለው ጥላና ከኋላዋ የቆመው የዓለት ግድግዳ ግን ቀለማቸው ተዥጎርጉሮ ይጠፋል። ዓለቱ የጠፋበት ፎቶ ለእኔ የላሊበላ ፎቶ አይደለም።

የጉዞ ፎቶ አንሺው፦ ስሌቱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «እኩል እስከሆኑ ድረስ» ያሉት ነገር በተግባር የሚገኝ አይደለም። አብዛኞቻችን ለጉዞ በፉል ፍሬም ላይ የምንገጥመው የአፐርቸር ቁጥሩ ኤፍ 4 የሆነ ዙም (የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ) ነው፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ደግሞ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። በትንሹ ካሜራ ላይ ኤፍ 1.4 ሌንስ ቢገጠም፣ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ትልቁ በስፋቱ ያገኘው የአራት እጥፍ ብልጫ ቢታሰብለት እንኳ ትንሹ በሁለት እጥፍ ይቀድማል። በዚያ ላይ የምንቆመው በሚጸልይ ሕዝብ መካከል ነው፤ ፊታቸው ላይ ትልቅ ሌንስ መደገን ራሱ ጸሎት ማወክ ነው።

ባለ ስቱዲዮው፦ ይህ የሌንስ ምርጫ ስሕተት እንጂ የትልቁ ካሜራ ድካም አይደለም። በእርሱም ላይ ከቅርብ ሰፋ አድርጎ የሚያነሣ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ሊገጠም ይችላል።

አዲስ አባል፦ ስልክስ አይበቃም? ጉግል በ2018 እ.ኤ.አ. በፒክስል ስልኮች ላይ ያመጣው ናይት ሳይት ብዙ ፎቶዎችን አከታትሎ አንሥቶ በማዋሐድ ኖይዙን በእጅጉ ይቀንሳል።

የጉዞ ፎቶ አንሺው፦ ለቆመ ነገር ይበቃል። ጸናጽል የሚያነቃንቅ እጅ ግን ፎቶዎቹ ሲዋሐዱ ይደበዝዛል። የትንንሽ ካሜራዎች መንቀጥቀጥ መከላከያም የእኛን እጅ እንጂ የዘማሪውን እንቅስቃሴ አያስቆምም፤ ይህን እኔም ለወገንኩት ካሜራ ስል አልደብቅም።

የካሜራ ጠጋኙ፦ ሁላችሁም የካሜራን መጠንና የሴንሰርን መጠን እንደ አንድ ነገር እየቆጠራችሁ ነው። ሶኒ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር.ኤክስ.1 ፉል ፍሬም ሴንሰርና ኤፍ 2 ሌንስ ይዞ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ሸክም የሚሆንብን በአብዛኛው ሌንሱ ነው፤ እርሱም የሚከብደው ከሩቅ ለማንሳት ስንፈልግ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ልትቆሙ ነው ብዬ ነው። ከምእመናኑ ጋር ከታች የሚቆም ሰው ፉል ፍሬሙን ከአንድ ቀላል 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ይያዝ፤ ዙሙን ቤቱ ይተወው። ከዓለቱ ጠርዝ ሆኖ ቁልቁል ፊቶችን ማንሳት የሚሻ ግን የሩቁን የሚያቀርብ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሌንስ ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለማደር ጉልበቱ የማይፈቅድለት ሰው ከታች ቢቆም ይሻለዋል።

ባለ ስቱዲዮው፦ በዚህ እስማማለሁ። ፍላሽ ግን ከላይም ከታችም እንዳይበራ በጥብቅ አሳስባለሁ።