አዲስ ካቴና ገጥሜ ዳገት ላይ ይዘላል

ዳገት_ፈሪ፦
ሰላም ወገን። ማውንቴን ሳይክል ነው፣ ፊት 3 ኋላ 7 ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት)። አሮጌው ካቴና በአዲስ ተቀየረ። ሜዳ ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ፔዳሉን ጫን ሲሉት ግን ቀጭ ብሎ ይዘላል። የሚብሰው ኋላ ከትንሿ ጥርስ ቀጥለው ባሉት ሁለቱ ነው፣ ትልልቆቹ ላይ ምንም የለም። አሮጌው እንዲህ አያደርግም ነበር። ካቴናው ነው ወይስ ማርሽ ቀያሪው?

ፒንና_ጥርስ፦
ሁለቱም አይደሉም፣ ያለቀው የኋላው ጥርስ ነው። ካቴና ረዘመ የሚባለው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን መጋጠሚያዎቹን የሚያያይዘው ፒንና የሚዞርበት ቀዳዳ ሲበላ ነው። ሲረዝም ጥርሱንም በራሱ ልክ ይበላዋል፣ አብረው ስላረጁ ይግባባሉ። አዲሱ ግን ከፒን ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የተበላው ጥርስ ላይ በደንብ አይቀመጥም።

ኋላ 7 ያላቸው ብዙዎቹ ሳይክሎች ጥርሱ በሙሉ ከጎማው መሃል ላይ እንደ ክዳን የሚጠመዘዝ ነው። በመዶሻ አትነካካው፤ ልኩን መፍቻ አስገባና በአክሱ (በጎማው መሃል ዘንግ) ዳዶ ለስለስ አድርገህ ያዘው። መፍቻውን ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረህ ጎማውን ከላይ እንደ መሪ ወደ ግራ አዙረው። ልክ እንደላላ ዳዶውን አውጣ። አዲሱን ስትገጥም ጥርሱ የሚጠመዘዝበትን ቦታ ግራሶ ቀባና በእጅ ጀምር፣ ከተዛነፈ ጎማውን ያበላሽብሃል። ማጥበቁን ፔዳሉ ራሱ ይጨርሰዋል።

ዘይት_ጠብታ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ይመስለኛል፣ ግን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ፔዳሉን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አዙርና ካቴናው በማርሽ ቀያሪው ትንንሽ ጎማዎች ሲያልፍ እየው። አንድ ቦታ ላይ የማይታጠፍ ካለ የተገጠመበት ፒን ጠብቋል ማለት ነው፤ በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ጎን ወዝወዝ አድርገው፣ ይላላል። እንዲህ ያለው ግን ማንኛውም ጥርስ ላይ ካቴናው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ነው የሚዘለው፣ ያንተ አይመስልም።

ዳገት_ፈሪ፦
የሚታጠፍ ነው፣ ምንም አልያዘም። ሁለቱ ጥርሶች ግን አንድ ጎናቸው እንደ መንጠቆ ሆኗል።

ፒንና_ጥርስ፦
አለቀለት፣ ቀይረው። የፊቱንም መሃለኛ ጥርስ እይ።

ለሌላ ጊዜ ካቴናውን በማስመሪያ ለካው፦ ከአንድ ፒን መሃል ተነስተህ፣ የተነሳህበትን ሳትቆጥር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ቁጠር። አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር፤ 306.4 ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ብትቀይር ይበቃል፣ 308 ካለፈ ጥርሱንም ይዞ ይሄዳል።

ዘይት_ጠብታ፦
ዘይቱ ላይ ደግሞ አደራ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታድርግ። በጋ ላይ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ነው። የቆሸሸ ካቴና ከሆነ በነጭ ጋዝ አጥበህ ፈጽሞ አድርቀው (ካልደረቀ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል)፣ ከዚያ በሲሪንጅ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ከውስጥ በኩል። ፔዳሉን 20 ዙር ወደ ኋላ አዙርና ከላይ የቀረውን በጨርቅ ጥረገው። ዘይት የሚፈለገው ውስጥ ነው፣ ላዩ ደረቅ ቢመስል አትደንግጥ። አዲሱን ካቴና ግን አትጠበው፤ ከፋብሪካ የመጣውን ቅባት ላዩን ብቻ ጥረግለት።