«ዘኤቭ»፦ ለዕብራውያን ተኩላ፣ ለእኛ ጅብ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ እስራኤል አገር ነው የሚማረው። አንድ የክፍል ጓደኛው ስሙ ዘኤቭ ነው። ትርጉሙን ስጠይቀው «ተኩላ» አለኝ። እንዴት ሰው ልጁን ተኩላ ብሎ ይሰይማል? እኛ ጋ እኮ ተኩላ ሲባል ትዝ የሚለን በግ የሚፈጅ አውሬ ነው። የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ አለኝ። ይሄ ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው አሳይሻለሁ።

መጀመሪያ ስሙ። መነሻው ዘፍጥረት 49 ነው። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ይናገራል። ይሁዳን የአንበሳ ደቦል አለው። ንፍታሌምን ሚዳቋ አለው። ብንያምን ደግሞ «ነጣቂ ተኵላ» አለው። አይሁድ ከዚህ ተነስተው የአባትየውን ቃል ከስሙ ጋር ያጣምሩታል፦ ይሁዳ አርዬ፣ ነፍታሊ ጽቪ፣ ቢንያሚን ዘኤቭ። የጽዮናዊነት ንቅናቄ መሪ የነበረው ቴዎዶር ሄርዝል የዕብራይስጥ ስሙ ቢንያሚን ዘኤቭ ነበር። ስለዚህ ዘኤቭ የሚባል ልጅ ስሙ ስድብ አይደለም። የብንያም ነገድ ጦረኛ ነገድ ነው። መሳፍንት 20 ላይ ድንጋይ ወንጭፈው ፀጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኞች የወጡት ከእነሱ ነው። ንጉሥ ሳኦልም ብንያማዊ ነው።

ነቢያቱ ግን በዚሁ ቃል ይወቅሱበታል። ሶፎንያስ የኢየሩሳሌምን ፈራጆች «የማታ ተኩላዎች» ይላቸዋል፤ በዕብራይስጡ «ዘኤቬ ኤሬቭ»። ሕዝቅኤልም ደም የሚያፈስሱትን አለቆች በተኩላ ይመስላቸዋል። አንዱ ቃል ለልጅ ምርቃት፣ ለክፉ ዳኛ ወቀሳ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ። ዘኤቭ በዕብራይስጥ የሚጻፈው በሦስት ፊደል ነው፦ ዛይን፣ አሌፍ፣ ቤት። ግእዝ ላይ እነዚሁን ሦስት ፊደላት ስትደረድሪ «ዝእብ» ይመጣል። ዝእብ ግን በግእዝ ጅብ ነው! ትግርኛ ሁለቱን የመጨረሻ ድምፆች አቀያይሮ «ዝብኢ» ይላል። አማርኛ መሀል ያለችውን «እ» ዋጣት፣ «ዝ»ን አለሰለሳት፣ በድሮ ጽሑፍ «ዥብ» የምናየው ሆነ፤ ከዚያ ጅብ። ዓረቦች «ዚእብ» ሲሉ አሁንም ተኩላ ማለታቸው ነው። ቃሉ አንድ፣ እንስሳው ሁለት።

ለምን ተቀየረ? እኔ የሚመስለኝ፣ ቃሉ የያዘው ሌሊት መጥቶ በረት የሚደፍረውን አውሬ ነው። በከነዓን ያ አውሬ ተኩላ ነው። በእኛ ደጋና ቆላ ግን የሌሊቱ ጌታ ጅብ ነው። ስሙ ፍርሃቱን ተከትሎ ሄደ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ታዲያ ዕብራይስጥ ራሱ ጅብን ምን ይለዋል?

መልስ፦ «ጻቩዓ» ይለዋል። ይሄም ጉድ ያለበት ቃል ነው። በዕብራይስጥ «ቀለም የተቀባ» ማለትም ጻቩዓ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ግብዝ ሰው ጻቩዓ ይባላል። ዓረብኛው ግን የጅቡን ስም ከማቅለም ግስ በፊደል ይለየዋል። ስለዚህ በዕብራይስጥ ሁለት የተለያዩ ሥሮች የተገጣጠሙ ይመስላል። ኤርምያስ 12፥9 ላይ ያለው «ዐይጥ ጻቩዓ» (ዐይጥ እዚህ የእኛዋ አይጥ ሳትሆን በዕብራይስጥ አሞራ ማለት ነው) ተርጓሚዎችን ያስቸገረውም ለዚህ ነው። አንዱ ዝንጉርጉር አሞራ ይላል። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም ግን «የጅብ ዋሻ» አለው። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ የአይሁድ ንጉሥ የነበረው ያናይ ለሚስቱ «ፈሪሳውያንን አትፍሪ፤ ፈሪሳዊ የሚመስሉትን ቅቦች (ጻቩዓዎች) ፍሪ» ብሎ መክሯል። የዘመኑ ዕብራይስጥ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ጅቡ ሳይታየው አይቀርም።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ጎንደር ነው ያደገችው። ልጅ ሆና ማታ ማታ «ጅብ» ማለት አይፈቀድላቸውም ነበር። «አያ ጅቦ» ነበር የሚሉት፣ እንደ ታላቅ ወንድም። ተረቱም ላይ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ነው የምንለው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቺን ተረት በማንሳትህ አመሰግናለሁ። እኔም ሳልናገረው የማላልፈው ነገር እዚህ ላይ ነው።

የጎንደር፣ የወገራና የሰሜን ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ርስት ስለተከለከሉ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ይኖሩ ነበር። ያንን የእጅ ሙያቸውን ጎረቤት በቡዳነት ተረጎመው። «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ተባለ። ልጅ ሲታመም፣ ከብት ሲሞት ጣት ወደ እነሱ ይቀሰር ነበር። ማረሻውን የሠሩለት፣ እንስራውን ያበጁለት ሰዎች ናቸው እኮ! ማመካኘት ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ቃሉን መልሰሽ እዪው፣ እህቴ። አውሮፓ ውስጥ አንድ አይሁዳዊ አባት ልጁን ዘኤቭ ብሎ በምርቃት ይሰይማል። ወገራ ውስጥ በዚያው ቃል፣ በእኛ አፍ ተለውጦ፣ ሌላው አይሁዳዊ ይሰደባል። ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡት ቤተሰቦች ያንን ስድብ በልጅነታቸው የሰሙ ናቸው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ዘኤቭ ከሚባል ልጅ ጎን ተቀምጠው ይማራሉ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። የእህቴ ልጅ አያትም ቀጥቃጭ ነበሩ። ዛሬ ማታ ደውዬ ስለ ዝእብ እነግረዋለሁ።